በዓይኔ ውስጥ ያለው ላስቲክ

ነገሩ በጠቅላላ ያስከፈለኝ የቀኝ ዓይኔን የላይኛውን ጥግ ነው። ብሩን አልቆጥረውም፤ ብር ሄዶ ይመጣል። ጥጉ ግን ሄዶ ቀርቷል። ከግራ ዓይኔም ቀድሞ የሄደ አለ፤ እሱ የሌላ ጊዜ ኪሳራ ስለሆነ እዚህ አላስገባውም።

እንዴት እንደከፈልኩ ለመናገር ከመጀመሪያው የሥራ ቀኔ መነሳት አለብኝ። ሙያውን የተማርኩት ያን ቀን ነው። ስህተቱንም የተማርኩት ያን ቀን ነው።

መካነ ሰላም ገበያ ዳር ሐጂ ይመር የሚባሉ የላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ነበሩ። ጀሪካን፣ ሳፋ፣ ባልዲ፣ ጆግ፣ ሸራ ይሸጣሉ። ጢሜ ማቆጥቆጥ ሲጀምር እሳቸው ዘንድ ተቀጠርኩ። የመጀመሪያ ሥራዬ ማሽተት ነበር። ከደሴ በጭነት መኪና የመጣ ያገለገለ ጀሪካን ክምር ፊት አስቀመጡኝና "ዘይት የያዘውን ወደ ቀኝ፣ ሌላውን ወደ ግራ" ብለውኝ ወደ ሶላት ሄዱ። ክዳን እከፍታለሁ፣ አሸታለሁ፣ እወረውራለሁ። ትንሽ ቆይቶ አፍንጫዬ ከናፍጣውና ከዘይቱ ሌላ ነገር አልሸት አለው።

ሐጂ ሲመለሱ ከቀኙ ክምር አንዱን አነሱ።

"ይኼ ምን ይዞ ነበር?"

"ዘይት።"

"ደግመህ አሽት።"

"ዘይት ነው ሐጂ። በሳሙናም ታጥቧል።"

ወደ ፀሐይ አዞሩና አሳዩኝ። ከጀሪካኑ ታች፣ ላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ የገባ ቀጭን ጥላ ነበረ። "ፀረ አረም ነው" አሉ። "አንዷ እናት ይኼን ገዝታ ለልጆቿ ውሃ ትቀዳበት ነበር። አንተ ደግሞ ታጥቧል ትለኛለህ። ስማኝ ሰይድ፤ ላስቲክ ያየውን አይረሳም።" ከዚያ ማንም እንዳይጠቀምበት ጀሪካኑን በመጥረቢያ ለሁለት ከፈሉት። ከደሞዜ አልቆረጡም። ያላስቆረጠኝ ትምህርት ብዬ ለዓመታት አመሰገንኳቸው፤ አሁንም አመሰግናቸዋለሁ፤ አላህ ይማራቸው።

ከዚያ በኋላ ዕቃ ወደ ፀሐይ ሳላዞር ገዝቼ አላውቅም። አዲስ ላስቲክ ሲታጠፍ ነጭ መስመር ይዞ ቶሎ ይለቃል። ዳግም ቀልጦ የተሠራው መስመሩን ይዞ ይቀራል፣ ሲነኩትም ድምፁ ደነዝ ነው። ወተት የሚመስል ደመና ካለበት ፀሐይ በልቶታል፤ ክረምት ሳይወጣ ይሰነጠቃል። ይህን ሁሉ የሚለየው ዓይን ነው። አፍንጫ ይደክማል፣ ጣት ይደነዝዛል። ላስቲክ ነጋዴ ያለ ዓይን ሸክም ተሸካሚ ነው።

የራሴን ሱቅ ስከፍት ሁለት ልማድ ከሐጂ ወሰድኩ። አንደኛው፣ ዕቃን ከጣሪያ በገመድ ማንጠልጠል ነው፤ ገበሬ ከሩቅ ቀና ብሎ ያየዋል፣ ወለሉም አይጣበብም። ሁለተኛው፣ በከፈትኩት እሽግ ሁሉ ላይ የተከፈተበትን ቀን በእስክርቢቶ መጻፍ ነው። ይህ ሁለተኛው ልማድ በኋላ ያጋልጠኛል። የመጀመሪያው ደግሞ ግንባሬን ይመታኛል። ሁለቱንም ባለውለታዎቼ እላቸዋለሁ።

ዓይኔ ሊደክም ሲጀምር የታወቀኝ በዕቃ ነው። አንድ ጭነት ነጭ ሳፋ ላኪው አሮጌ ላከብኝ ብዬ በስልክ ስሰድበው ዋልኩ። ነጩ ሁሉ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። ጎረቤቶቼ መጥተው አዩና "ጋሽ ሰይድ፣ ይኼ እንደ በረዶ ነው" አሉኝ። ላኪውን መልሼ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። በነጋዴነት ዘመኔ ይቅርታ የጠየቅሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሌላኛው ባለቤቴን ነው።

በአቀስታ በኩል ደሴ ወረድኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ከልጄ ከዘሀራ ብዙም አትበልጥም። መረመረችኝና ሁለት ነገር ነገረችኝ። አንዱ የዓይን ሞራ ነው፤ እሱ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። ሌላው ግላኮማ ነው፤ የዓይን ግፊት ከኋላ ያለውን ነርቭ ቀስ እያለ የሚበላ። ግራውን ሳላውቀው አብዛኛውን በልቶታል። ቀኙ ገና ነው።

"ሌንሱ ከምንድን ነው የሚሠራው?" አልኳት።

"አክሪሊክ ይባላል።"

"ላስቲክ ነዋ።"

ትንሽ አሰበች። "እንደዚያ ማለት ይቻላል።"

"ዕድሜው ስንት ነው?"

"ዕድሜ ልክ ነው አባቴ።"

"የማን ዕድሜ? የእኔ ወይስ የሱ?"

"የሱ ከእርስዎ ይበልጣል" አለች ሳትስቅ። ወደድኳት። ዕቃዋን የምታውቅ ሻጭ እንዲህ ናት።

የቀኝ ዓይኔ ቀዶ ሕክምና አለቀና ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት የክፍሉን የቆሻሻ ባልዲ ነው። አዲስ ላስቲክ፣ ጥሩ ሥራ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ላስቲክ ለሰው ስሸጥ ኖሬ በመጨረሻ ለእኔም የሚሸጥ ሰው አገኘሁ።

ለግላኮማው ጠብታ ታዘዘልኝ፤ ጠዋትና ማታ፣ ሳይቋረጥ። "እስከ መቼ?" ስላት ያንኑ መለሰችልኝ፤ "ዕድሜ ልክ።" ጠብታው እኛ ዘንድ አንዳንዴ ይጠፋል። ዘሀራ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ያንኑ ዓይነት እየገዛች ወደ ወረዳችን ወደ ቦረና በሚመለሱ ልጆች እጅ ትልክልኝ ጀመር። ብልቃጡን ስከፍት ቀኑን በእስክርቢቶ እጽፍበታለሁ።

እዚህ ላይ መሪጌታ ጥበቡን ላስተዋውቅ። የድጓ መምህር ናቸው። የደብሩን የዝናብ ሸራና የጠበል ጀሪካን ከእኔ ነው የሚገዙት። እሳቸውም እንደ እኔ ሌንስ ገብቶላቸዋል፣ እንደ እኔ የግፊት ጠብታ ይወስዳሉ። የድጓ ምልክት እንደ ጤፍ ፍሬ ደቃቅ ነው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ጉባኤው ይበተናል። ለምርመራ ደሴ የምንወርደው በአንድ ሚኒባስ ነው። እኔ መስኮት ዳር፣ እሳቸው በር ዳር። በሰው ሲናደዱ "ወላሂ" ይላሉ። ወሎ ነው፤ እኔም ስደነግጥ ማርያምን እጠራለሁ።

ጥቂት ዓመታት አለፉ። ከዚያ ቀኝ ዓይኔ ላይ ጭጋግ መጣ። በተለይ ጠብታውን ካደረግሁ በኋላ ይቆረቁረኛል፣ ዕቃው ሁሉ በእንፋሎት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ለሐኪሟ ግን ስለ ጭጋጉ አልነገርኳትም። ሻጭ ጉድለቱን ራሱ ያግኝ የሚል የገዢ ልማድ አለብኝ።

በመሣሪያዋ አየችኝና "ሌንስዎ ውስጥ ጥቃቅን የሚያብረቀርቁ ነጥቦች ይታያሉ፤ አያስጨንቅም" አለች።

"ጠብታው ይሆን ያመጣው?"

"ሊሆን ይችላል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ግን..."

ስልኬ ጮኸ። የጭነት መኪናው ሹፌር ነው፤ ዕቃ ጭኖ እኔን ይጠብቃል። ብድግ አልኩ። እሷ ከ"ግን" በኋላ ያለውን ስትናገር እኔ በር ላይ "አመሰግናለሁ ዶክተር" እላለሁ። ነጋዴ ዋጋ ከሰማ በኋላ የሚባለውን አይሰማም። እኔ "ሊሆን ይችላል" የሚለውን ሰምቻለሁ፤ ለእኔ በቂ ነበር። ላስቲክ ያየውን አይረሳም። በቀን ሁለት ጊዜ ኬሚካል የሚያይ ላስቲክ ደግሞ ምን ሊሆን ነው?

ቢሆንም ሳላረጋግጥ ዕቃ አልጥልም። ከአንድ ጥርት ያለ ጆግ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቆረጥኩ፣ በሲኒ ውስጥ አስቀምጬ ጠብታውን አፈሰስኩባት፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ደበቅኋት። ዘሀራ ሰው ቤት ወለል ጠርጋ የገዛችውን ጠብታ ለጆግ አጠጣሁት። ከሳምንታት በኋላ አውጥቼ ወደ ፀሐይ አዞርኳት። ደመና አለባት።

መሪጌታ ሸራ ሊገዙ መጡ። ቁራጯን አሳየኋቸው።

"እነሆ መሪጌታ፤ ዓይናችን ውስጥ ያለው እንዲህ እየሆነ ነው። እኔ አቁሜያለሁ። እርስዎም ያቁሙ።"

ተቀብለው አዩዋት፤ አገላበጡ። "ጥርት ያለች ናት።"

"ደመናው አይታይዎትም?"

"ሰይድ፣ ይቺን ላስቲክ ያየሃት በየትኛው ዓይን ነው?"

"በቀኙ።"

"ጭጋግ አለበት ባልከው?"

ቁራጯን ተቀበልኳቸው። ዛሬ ስጽፈው ሞኝነቱ ከገጹ ላይ ይጮሃል። ያኔ ግን ሰውዬው ብራና እንጂ ላስቲክ አያውቁም ብዬ ናቅኋቸው።

"እኔ የምታዘዘው ለንስሐ አባቴና ለሐኪሜ ነው" አሉ ሸራውን እያጠፉ። "አንተ ለሳፋ ነህ። በሳፋ ነገር ቃልህን ጥዬ አላውቅም።"

ጠብታውን አቆምኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ከመሪጌታ በቀር። እዚህ ላይ ነው የተታለልኩት። ባቆምኩ በጥቂት ሳምንት ጭጋጉ ለቀቀ። መቆርቆሩም ጠፋ። ሳፋው በረዶ ሆነ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ሱቄ ውስጥ ብቻዬን እስቃለሁ። ለዘሀራ በስልክ "በቃ አትላኪ፣ አለኝ" አልኳት። እሷ ለገንዘቧ ያዘንኩ መስሏት "እሺ አባ" ብላ መላኩን ቀጠለች። ብልቃጡ መደርደሪያዬ ላይ ይከመራል።

ግላኮማ አያምም። ይህን ለሙያ ጓደኞቼ አስረግጬ እነግራቸዋለሁ። ጀሪካን ሲፈስ ወለሉ ይረጥባል፣ ሰው ያያል። ይህ ግን የሚፈሰው ያለ ድምፅ፣ ያለ እርጥበት ነው።

ክረምቱ ሲያልፍ ሱቄ ውስጥ የተንጠለጠለው ባልዲ ግንባሬን መታኝ። ገመዱን ያላላው ማን ነው ብዬ ተቆጣሁ። በማግስቱ ጀሪካን መታኝ። በሳምንቱ ደግሞ በደንበኛ ፊት የሳፋ ክምር በራሴ አወረድኩ። ደንበኛው ሳቀ፤ ሳፋውን ከነጭረቱ ረከስ አድርጌ ሰጠሁት።

መሪጌታ አንድ ቀን በር ላይ ቆመው ያዩኛል። እንደገና ባልዲው ነካኝ።

"ገመዱ ረዝሟል" አልኩ።

"ገመዱ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው። እኔ ከአንተ እረዝማለሁ፣ ስገባ ዝቅ እላለሁ። አንተ አላየኸውም።"

"አይቸዋለሁ።"

"ወላሂ አላየኸውም። ነገ ደሴ እንወርዳለን። ሱቁን ዝጋ።"

"ነገ ገበያ ነው መሪጌታ።"

"እኔስ ጉባኤ የለኝም?"

ወረድን። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልወቀሱኝም። ያ ከወቀሳ ይከብዳል። አቀስታ ስንደርስ ብርዱ በረታና የጋቢያቸውን ግማሽ በትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ።

ሐኪሟ ግፊቱን ለካች። ደግማ ለካች። ፊቷ ላይ ምንም አላነበብኩም፤ ጎበዝ ነጋዴ ይወጣት ነበር።

"ጠብታውን እየወሰዱ ነው?"

"አዎ።"

"ሳያቋርጡ?"

"ሳላቋርጥ።"

"ይዘውታል? እንዴት እንደሚያደርጉት ያሳዩኝ።"

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ለማስመሰል ይዤው የሄድኩት ነው። ወደ መብራቱ አዞረችው፤ እኔ ጀሪካን እንደማዞረው። እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። ጎኑ ላይ ደግሞ የተከፈተበት ቀን በእስክርቢቶ ተጽፏል፤ በራሴ እጅ ጽሑፍ። ሰባት ወር አልፎታል።

"ይኼን የጻፈው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ። ከዚያ ወዲያ የምዋሸው አልነበረኝም። ጆጉን፣ ሲኒውን፣ የሐጂን ቃል፣ ሁሉንም ነገርኳት።

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች። "ባለፈው ከ'ግን' በኋላ ያልኩትን አልሰሙኝም። ዛሬ ልድገመው" አለች። ስልኬን አጠፋሁ።

"ነጥቦቹ ሌንሱ ውስጥ የገባ ጥቃቅን ውሃ ናቸው። የግፊት ጠብታ የሚወስዱ ሰዎች ላይ በዛ ብለው ያዩ ተመራማሪዎች አሉ፣ ያላዩም አሉ። ገና አልተቋጨም። ግን አብዛኛውን ጊዜ እይታ አይቀንሱም። የእርስዎም ጭጋግ ከሌንሱ አልነበረም።"

"ስተወው ለቀቀኝ እኮ።"

"የለቀቀዎት የዓይንዎ ፊት ስላረፈ ነው። ጠብታው እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ማቆያ አለ፤ እሱ የዓይንን ፊት ያደርቃል። ያኔ ጭጋጉን ቢነግሩኝ ሌላ ዓይነት እለውጥልዎ ነበር። ሌንስ ባለው ዓይን ደግሞ አንዳንዱ የግፊት ጠብታ ከኋላ እብጠት ሊያመጣ ይችላል፤ እሱንም አይቼ እለይልዎ ነበር። ጥርጣሬዎ ጥሩ ነበር። ብቻዎን ያዙት እንጂ።"

"ሌንሱ ጭራሽ ቢበላሽስ ኖሮ?"

"ሌንስ ይለወጣል። ቀላል አይደለም፣ ግን ይቻላል። ነርቭ የሚሸጥ ግን የለም። እርስዎ ጀሪካኑ እንዳይሸት ብለው ውሃውን ደፉት።"

በቋንቋዬ ነው የነገረችኝ። ከዚህ የተሻለ በቋንቋዬ የነገረኝ ሐጂ ይመር ብቻ ናቸው።

ከዚያ አገጬን መሣሪያ ላይ አስደግፋ፣ ብርሃን ባየሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን አደረገች። የወጣውን ወረቀት አሳየችኝ። የላይኛው ጥግ ጥቁር ነው። የመጀመሪያ ቀኔን ጀሪካን መሰለኝ፤ ጥላው ግን ያኔ ከታች ነበር።

"ይኼ ይመለሳል?"

"አይመለስም። የቀረውን ግን እናቆየዋለን፤ ጠብታውን ከወሰዱ።"

"እወስዳለሁ።"

"ለእኔ ብለው አይደለም።"

"ልጄ ሪያድ ሆና የምትልክልኝ አለ። ለእሷ ብዬ ነው።"

ማቆያ የሌለበት፣ ለአንድ ቀን እየተከፈተ የሚጣል የጠብታ ዓይነት እንዳለ ነገረችኝ፤ ስሙን ጻፈችልኝ። ለዘሀራ በመሪጌታ ስልክ ፎቶ አንስተን ላክን። ዘሀራ ደወለች።

"አባ፣ የበፊቱን ምን አደረግኸው? ሳላቋርጥ ስልክ ነበር እኮ።"

እውነቱን ነገርኳት። ከጀርባዋ የሰው ቤት የልብስ ማጠቢያ ይጮሃል።

"ለጆግ?" አለች በመጨረሻ።

"ለጆግ።"

"ጆጉ አሁን ያያል?"

መሪጌታ ከጎኔ ሆነው ሰምተዋል። ኮሪደሩ ላይ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪያለቅሱ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ዘሀራ አለቀሰች፤ አዲሱን ግን በወሩ ላከችው። ሐኪሟ እሽጉን አይታ "እሱ ነው" አለች።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ጠብታውን ጠዋትና ማታ አደርጋለሁ። ጭጋግ የለም። በየምርመራው ግፊቱ ባለበት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ጥቁር ጥግ አልሰፋም። ከምርመራ ሳልጨርስ አልነሳም፤ ስልኬን በር ላይ ለመሪጌታ እሰጣለሁ። የማይገባኝን እጠይቃለሁ፣ መልሱን እስከ ነጥቡ እሰማለሁ።

ሱቄ ውስጥ ከጣሪያ የሚንጠለጠል ዕቃ የለም። ሁሉንም ወደ ግድግዳ አወረድኩት። ወለሉ ጠቧል፤ ደንበኛ ያማርራል። ወጣት ነጋዴዎች "ጋሽ ሰይድ፣ ዕቃ ወደ ላይ ነው የሚሸጠው" ይሉኛል። ልክ ናቸው።

ለእነሱ የምተወው ይኼን ነው። ላስቲክ ያየውን አይረሳም የሚለው ለጀሪካን እውነት ነው፤ ከሐጂ ይመር የተሻለ መምህር አልነበረኝም። ስህተቱ የእኔ ነው፤ በሳፋ የሠራውን ሕግ ባላወቅሁት ዕቃ ላይ አዋልኩት። ግማሽ ልክ መሆኔ ነው የጎዳኝ፤ ሙሉ በሙሉ ብሳሳት መሪጌታ ቶሎ ያስተዉኝ ነበር። የግፊት ጠብታ የምትወስዱ፣ በዓይናችሁ ውስጥ እንደ እኔ ላስቲክ ያላችሁ፣ ጥርጣሬ ሲገባችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ጠብታውን ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ ትታችሁ አትሂዱ።

መሪጌታ አንድም ቀን አላቋረጡም፤ ዛሬም ድጓ ያነብባሉ። የእሳቸው ዓይን በእኔ አንደበት አለመጥፋቱ ከሁሉ የማመሰግንበት ነው።

ሒሳቡ ይኸው ነው። ግራ ዓይን፦ ጥላ ብቻ። ቀኝ ዓይን፦ ከላይኛው ጥግ በቀር ያያል። ሌንሱ፦ ነጥብ አለበት፣ እንከን የለውም። ጠብታ፦ ዛሬ ጠዋት አድርጌያለሁ፣ የማታው ይቀራል።